አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም ለምን ይጋላል? ያ ወፍራም ቢጫ ቱቦስ ለጤናችን ምን ይሠራል?



የዛሬው ጽሑፍ የተነሳው ከምዕራብ ሸዋ፣ ከእጃጂ በውስጥ መስመር በደረሰን ጥያቄ ነው። እህታችን እንዲህ ትላለች፦

«ዶክተር፣ እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ዓረብ አገር ያለችው እህቴ ወልዳ ልትጠይቃት ሄዳ ነበር። ስትመለስ አውሮፕላኑ ሰው ከጫነ በኋላ ሳይነሳ ብዙ ቆመ። ውስጡ እንደ ምድጃ ጋለ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ልወድቅ ነበር ትላለች። እኛ ደግሞ 'ፍርሃት ነው፣ ስላልለመድሽው ነው' አልናት። እውነት ሙቀቱ ነው ወይስ ፍርሃቱ? ወደፊትስ ብትሄድ ችግር አለው?»

መልሴን በአጭሩ ላስቀድም። እናታችሁን እመኗት። ፍርሃት ልብን ያስመታል፣ ያስልባል፤ ነገር ግን የቆመ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ሙቀት ብቻውን ጤነኛ ሰው ሊያዞር ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ይበረታል። ብትሄድስ? አዎ ትችላለች፤ ግን ተዘጋጅታ። እንዴት እንደሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

■ ሰማይ ላይ ይበርዳል፣ መሬት ላይ ይጋላል

አውሮፕላን 10 እና 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲበር ውጪ ያለው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሞተሮቹም እየሠሩ ስለሆነ ወደ ውስጥ የሚገባው አየር አይቋረጥም። ለዚህ ነው በረራ ላይ ብርድ ልብስ የምንጠይቀው።

መሬት ላይ ሲቆምና ትላልቆቹ ሞተሮች ሲጠፉ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል፦

1. ከፀሐይ። ከላይ የአውሮፕላኑን ገላ ያግለዋል፣ በመስኮቶቹ ይገባል፣ ከታች ደግሞ የጋለው አስፋልት ይመልሰዋል።

2. ከዕቃው። መብራት፣ ስክሪን፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ምግብ ማሞቂያ፤ ሁሉም ሙቀት ይለቃሉ።

3. ከእኛው ከራሳችን። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ዝም ብሎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይለቃል። 150 ሰው ተቀምጧል እንበል፤ 15 ኪሎ ዋት ማለት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ስለዚህ ተሳፋሪው ብቻውን፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አራት የእንጀራ ምጣድ ጥዶ እንደመቀመጥ ነው!

ከዚህ ላይ ትንፋሻችንና ላባችን አየሩን ያረጥበዋል። አየሩ ሲረጥብ ላብ በቀላሉ አይተንም። ላብ ካልተነነ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። እናታችን «እንደ ምድጃ» ያለችው ይህንን ነው።

■ ታዲያ የቆመ አውሮፕላን በምን ይቀዘቅዛል?

ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው፣ ጅራቱ ላይ ያለ ትንሽ ሞተር ነው። ባለሙያዎቹ ኤፒዩ ይሉታል። ትላልቆቹ ሞተሮች ሲጠፉ መብራትና አየር የሚሰጠው እሱ ነው። ከአውሮፕላን ስትወርዱ ከጅራት በኩል የምትሰሙት ያ የማያቋርጥ ጩኸት የእሱ ነው። ችግሩ ነዳጅ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ጭስ ያወጣል። በዚህ ምክንያት ብዙ አየር ማረፊያዎች አጠቃቀሙን ይገድባሉ። የስዊዘርላንዱ የዙሪክ አየር ማረፊያ ለምሳሌ አውሮፕላኖች በር ላይ ሲቆሙ ኤፒዩን ትተው ከመሬት የሚሰጠውን መብራትና አየር እንዲጠቀሙ በማድረግ ይታወቃል።

ሁለተኛው፣ በመኪና ላይ የተጫነ ወይም በመኪና የሚጎተት የምድር ኤሲ ነው። በናፍጣ ወይም በኤሌክትሪክ ይሠራል። አሠራሩ ከቤታችን ፍሪጅ ጋር አንድ ነው፤ መጠኑ ግን ትልቅ ነው። የውጪውን አየር ይስባል፣ ያጣራል፣ ያቀዘቅዛል፣ እርጥበቱን ያስቀራል፣ ከዚያ በወፍራም ቱቦ ይገፋዋል። ቱቦው ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው። ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ካለች፣ ስፋቷ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነች ክብ ቀዳዳ ላይ ይገጠማል። እንደ ቦይንግ 777 ያሉ ሰፋፊ አውሮፕላኖች ሁለት ቀዳዳ አላቸው።

ሦስተኛው፣ ያው ማሽን በመሳፈሪያ ድልድዩ ሥር በቋሚነት ተተክሎ ሲገኝ ነው። መኪና መጥራት አያስፈልግም፤ ቱቦውን ስቦ መግጠም ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አትሳሳቱ። አውሮፕላኑ ውስጥ መብራት አለ ማለት ቀዝቃዛ አየር አለ ማለት አይደለም። ከመሬት መብራት የሚሰጠው ማሽን (ጂፒዩ) ሌላ ነው፤ አየር የሚሰጠው ማሽን ሌላ ነው። መብራቱ ቦግ ብሎ፣ ስክሪኑ እየሠራ፣ ክፍሉ ግን ሊጋል ይችላል።

ኤፒዩ የተበላሸበት አውሮፕላን ደግሞ በሕጉ መሠረት መብረር ይፈቀድለታል፤ ምክንያቱም አየር ላይ ዋናዎቹ ሞተሮች በቂ ናቸው። መሬት ላይ ሲሆን ግን ሙሉ በሙሉ በዚያ ቱቦ ላይ ነው የሚተማመነው። ቱቦው ዘግይቶ ከመጣ፣ ከታጠፈ፣ ወይም ማሽኑ ለሙቀቱ ካነሰ ተሳፋሪው ይጋላል። በር ክፍት ሆኖ ሲቆይና የመስኮት መጋረጃ ሁሉ ሲገለጥም ቅዝቃዜው ይባክናል።

■ የሚያስፈሩ ግን የማያስፈሩ ሁለት ነገሮች

👉 አውሮፕላኑ ሞተር ሊያስነሳ ሲል አየሩ ጸጥ ይላል። በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች የኤፒዩ አየር ለአፍታ ሞተሩን ለማስነሳት ስለሚሄድ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ይመለሳል። (ኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ሞተሩን በኤሌክትሪክ ስለሚያስነሳ በዚህ ይለያል።)

👉 ከላይ ከአየር ማስገቢያው ነጭ ጭስ የሚመስል ነገር ሲወጣ ብዙ ሰው ይደነግጣል። እርጥበት ባለበት ሞቃት ቦታ ቀዝቃዛው አየር ከሞቃቱ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ጉም ነው። ሽታ የለውም፣ ወዲያው ይጠፋል። የቃጠሎ ሽታ ካለው ግን ለአስተናጋጅ ንገሩ።

■ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ለምን ይከብዳል?

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ራሱ ያግዛል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከቦሌ ስንነሳ ሙቀቱን ብዙም አናስተውለውም። ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ሰመራ፣ ወደ ጎዴ፣ ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በበጋው ወደ ዱባይ፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ ስንሄድማ ውጪው ራሱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል።

ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ላብ ቶሎ ማውጣትን፣ ጨው መቆጠብን፣ የልብን ሥራ ማቅለልን ይማራል። ከጌዶ ብርድ ወይም ከአምቦ ነፋሻ አየር ተነስታ በማግስቱ ጅዳ የምታርፍ እናት ግን ይህን ለመማር አንድ ቀን እንኳ አላገኘችም። ስትመለስም ጥቂት ቀን ብቻ ቆይታ ከሆነ ያው ነው።

■ ሰውነታችን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ሲሞቀን ቆዳችን ሥር ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ሙቀቱን ወደ ውጪ ለመጣል ነው። ደም ወደ ቆዳና ወደ እግር ይሄዳል፣ ወደ ጭንቅላት የሚደርሰው ይቀንሳል። በላብ ውሃና ጨው ይወጣል። በዚህ ላይ ጠባብ ወንበር ላይ እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ አለ። ውጤቱ ማዞር፣ ዓይን መጨለም፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ከዚያም ራስን መሳት ነው።

ይህ የሙቀት ድካም ነው። ሰውየው ከሙቀቱ ከወጣ፣ ከቀዘቀዘና ከጠጣ ይሻለዋል።

ችላ ከተባለ ግን የከፋው ይመጣል። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስና ሰውየው መቀባጠር፣ ግራ መጋባት፣ መንቀጥቀጥ ወይም መሳት ሲጀምር ሂት ስትሮክ እንለዋለን። ይህ ሕይወት የሚያጠፋ ድንገተኛ ሕመም ነው። አንዳንዱ እያላበው፣ አንዳንዱ ቆዳው ደርቆ ሊሆን ይችላል። «እያላበው ስለሆነ ደህና ነው» እንዳትሉ።

■ ይበልጥ የሚጎዱት እነማን ናቸው?

✔ ጨቅላ ሕፃናትና ትንንሽ ልጆች። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ይልቅ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ይሞቃል። በጁን 2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ፣ ሳይነሳ በዘገየ አውሮፕላን ውስጥ የአራት ወር ሕፃን በሙቀት ተዝለፍልፎ በአምቡላንስ ሆስፒታል ገብቷል። ደግነቱ ድኗል።

✔ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ። የጥማት ስሜት በዕድሜ ይቀንሳል፤ ውሃ አጥሯቸውም አይጠማቸውም።

✔ ነፍሰ ጡሮች።

✔ የልብ፣ የኩላሊት፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን።

✔ አንዳንድ መድኃኒት የሚወስዱ። ሽንት የሚያሸኑ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች (ፉሮሰማይድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) ውሃና ጨው ያስወጣሉ። እንደ አቴኖሎል ያሉት የልብን ምት ስለሚገቱ ልብ ለሙቀቱ እንዳይፈጥን ያደርጋሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ላብን ይቀንሳሉ። የእህታችን እናት እዚህ ውስጥ ልትሆን ትችላለች።

ማሳሰቢያ! ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ከጉዞ በፊት ሐኪማችሁን «ሙቀት አገር ልሄድ ነው፣ የመድኃኒቴ ሰዓት ወይም መጠን ይስተካከል?» ብላችሁ ጠይቁ። በቃ።

ጤነኛ አዋቂም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በጁላይ 2023 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ፣ ውጪው ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን፣ መሬት ላይ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ተሳፋሪዎች በሙቀት ታመው አውሮፕላኑ ወደ በሩ እንዲመለስ ተደርጓል።

■ ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ አየሩም ነው

እስካሁን ስለ ሙቀት አወራን። የአየር ማሽኑ ሌላ ሥራ ግን አለው፤ እሱም የተሳፋሪን ትንፋሽ ማውጣት ነው።

በበረራ ላይ የአውሮፕላን አየር ሰዎች እንደሚያስቡት መጥፎ አይደለም። ግማሽ ያህሉ ከውጪ የሚገባ ንጹሕ አየር ነው፤ ቀሪው ሄፓ በሚባል ማጣሪያ አልፎ ይመለሳል። በሰዓት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይለወጣል። ችግሩ ይህ ሁሉ የሚሆነው ማሽኑ ሲሠራ ነው።

ማሽኑ ሲጠፋ ምን ይሆናል? በ1977 እ.ኤ.አ. አላስካ ውስጥ የሆነውን እንይ። 54 ሰው የጫነ አውሮፕላን ሊነሳ ሲል ሞተሩ ችግር ገጠመውና መሬት ላይ ቀረ። መዘግየቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። የአየር ማዘዋወሪያው አይሠራም። አብዛኛው ተሳፋሪ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ኢንፍሉዌንዛ ይዞት እያሳለ ነበር። በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሳፋሪዎቹ 72 በመቶው ታመሙ። ውስጥ ብዙ የቆየው ይበልጥ ታመመ፤ ጥቂት የቆየው ባነሰ።

አንድ የሚያስል ሰው። ሦስት ሰዓት። የቆመ አየር። ሌላ ምንም አልተጨመረም።

ከዚህ የተነሳ የዓለም ጤና ድርጅት በሳንባ ነቀርሳና በአየር ጉዞ ላይ ባወጣው መመሪያ፣ አየር ማዘዋወሪያው የማይሠራ ከሆነ ተሳፋሪ መሬት ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ውስጥ መቆየት የለበትም ይላል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣንም ተመሳሳይ ምክር ሰጥቷል። 30 ደቂቃ የምትለዋን ቁጥር ያዟት።

■ አውሮፕላን ላይ ምን እናድርግ?

ከመሳፈር በፊት፦

1. ከፍተሻው በኋላ አንድ ሊትር ውሃ ግዙ ወይም ጠርሙሳችሁን ሙሉ። ተራ ውሃ ይበቃል። አምቦ ውሃ ለምዕራብ ሸዋ ሰው ክብሩ ነው፤ ግን ጋዙ ሆድ ስለሚነፋ ጠባብ ወንበር ላይ አይመችም። ጨው እንዲቀንስ የተነገረውም ሰው ተራ ውሃ ቢጠጣ ይሻለዋል። ልብ ወይም ኩላሊት ታማችሁ የውሃ መጠን የተወሰነላችሁ ከሆነ ሐኪም ከነገራችሁ አትለፉ።

2. ሱሪውን፣ ሹራቡን፣ ጃኬቱን፣ ነጠላውን ደራርባችሁ አትግቡ። ሻንጣ እንዳይከብድ ብላችሁ ሦስት ልብስ ለብሳችሁ የምትሳፈሩ አላችሁ፤ ተዉት። ከውስጥ ስስ ጥጥ፣ ከላይ የሚወልቅ ልብስ።

3. መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሁን።

4. ለሕፃን አንድ ትንሽ ፎጣና ኦአርኤስ ያዙ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት ደጋግማችሁ ስጡት፤ ከስድስት ወር በታች ውሃ አያስፈልገውም።

ከተሳፈሩ በኋላ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ከሆነ፦

1. በፀሐይ በኩል ያለውን የመስኮት መጋረጃ ዝጉ። ድሪምላይነር ላይ መጋረጃ የለም፤ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ መስታወቱን አጨልሙት።

2. ከራስ በላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ካለች ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ክፈቷት። «ጉንፋን ትሰጠኛለች» ብላችሁ በወረቀት አትድፈኗት። ጉንፋን የሚሰጠው ቫይረስ ነው፤ አየሩ ሲዘዋወር እንዲያውም ይቀንሳል።

3. ሕፃኑን ከብርድ ልብስ ፍቱት። ቆብና ካልሲ አውልቁ። ፊቱን አትሸፍኑ።

4. ቁጭ ባላችሁበት እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አዙሩ። ደም ከእግር ይመለሳል።

5. ሰዓት ያዙ። አየሩ ከቆመ 30 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ከዚያ በፊት አንድ ሰው ካዞረው፣ አስተናጋጅ ጥሩ። አታፍሩ! የእኛ እናቶች «ሰው ላስቸግር?» ብለው ዝም ይላሉ። እንዲህ በሉ፦ «እናቴ የግፊት ሕመምተኛ ናት፣ አዞራታል፣ አየር ትፈልጋለች»። ቋንቋ ካልተግባባችሁ ደረታችሁን ወይም ራሳችሁን ይዛችሁ በእጅ ማራገብ በየትኛውም አገር ይገባል። ካፒቴኑ ኤፒዩ ማስነሳት፣ የምድር ኤሲ ማስጠራት፣ በር ማስከፈት ወይም ሰው ማስወረድ ይችላል። ግን ጓዳው ውስጥ ሆኖ የኋላው ወንበር መጋሉን የሚያውቀው ሲነገረው ነው።

■ ሰው ቢዝለፈለፍስ?

👉 በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ቀጥ አድርጎ መያዝ ስህተት ነው፤ ደም ወደ ጭንቅላቱ እንዳይሄድ ያደርጋል።

👉 ልብሱን አላሉ፣ በዙሪያው የተኮለኮለውን ሰው በትኑ።

👉 ፊቱን፣ አንገቱን፣ ብብቱን በእርጥብ ጨርቅ አርጥቡ፤ በመጽሔትም በወረቀትም አራግቡ። እርጥበትና ነፋስ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚያቀዘቅዙት።

👉 ሙሉ በሙሉ ከነቃ በትንሽ በትንሹ ውሃ ስጡት። ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ሳንባው ይገባል።

👉 ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጎኗ አስተኟት።

👉 ከተቀባጠረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ ወይም ደረቱን ካመመው፣ አሁኑኑ ሐኪም! አምቡላንስ እስኪመጣ ማቀዝቀዙን አታቁሙ።

■ ቱቦውን የሚገጥሙትስ?

ስለ ተሳፋሪ ብቻ አውርተን ሠራተኛውን ብንረሳ ነውር ነው። ያንን ከባድ ቱቦ ጎትተው፣ ጎንበስ ብለው ሆዱ ሥር የሚገጥሙት ወጣቶች በጋለ አስፋልት ላይ ነው የሚውሉት። ዙሪያቸው የናፍጣ ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ጩኸቱም አለ፤ በቀን ስምንት ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ የሚሰማ ጆሮ ቀስ በቀስ ይደክማል፣ የተጎዳው መስሚያም አይመለስም።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ተከታታዮቻችን፦ የጆሮ መከላከያችሁን «ያፍናል» ብላችሁ ኪሳችሁ አትክተቱት፤ ከማሽኑ ጭስ መውጫ ተቃራኒ ቁሙ፤ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ በየዓመቱ መስሚያችሁን ተመርመሩ። በናፍጣ ፋንታ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን መምጣቱ ነዳጅ ከመቆጠብ አልፎ የእናንተን ሳንባ ያድናል።

■ ከአውሮፕላኑ ወደ እጃጂ መናኸሪያ

አሁን «እኔ አውሮፕላን ላይ መች ወጣሁና?» የምትሉ አላችሁ። ግን ከላይ የጻፍነው ሁሉ ለሚኒባስም ይሠራል። እንዲያውም አውሮፕላን በዓመት አንዴ ቢሆን ነው፤ ሚኒባስ ግን በየሳምንቱ ነው።

እጃጂን የምታውቁ፣ ከጌዶ ደጋ ወደ ባኮ ሙቀት ስትወርዱ መሃል ላይ ናት። ረፋድ ላይ «አምቦ፣ አምቦ» የሚል ሚኒባስ እስኪሞላ ይቆማል። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ውስጡ እናት ሕፃን አዝላ፣ በጋቢ ላይ ፎጣ ደርባ ተቀምጣለች። አንዱ መስኮት ሊከፍት ሲል ከኋላ «ኧረ ዝጋው፣ ነፋስ ይመታናል!» ይባላል። ሌላው ይስላል። ሠላሳ ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ... ይህ ያ የአላስካው አውሮፕላን ነው። ልዩነቱ አውሮፕላኑ ውድ ማሽን ይፈልጋል፤ ሚኒባሱ የሚፈልገው መስኮት መክፈት ብቻ ነው። ነጻ ነው!

ሰው የሌለበት የቆመ መኪናም ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ሐኪሞች በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ውጪው 22 ዲግሪ በሆነ ደስ የሚል ቀን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ከዚያ ውስጥ 80 በመቶው የሚጨምረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግም ብዙ አልረዳም። 22 ዲግሪ የአምቦ ተራ ቀን ነው እኮ! «ብርድ አገር ነን» ማለት ልጅን መኪና ውስጥ ትቶ ዕቃ ለመግዛት ምክንያት አይሆንም። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ይዛችሁት ውረዱ።

ስለዚህ፦

✅ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጥላ ሥር ሆናችሁ ውጪ ጠብቁ። ወንበር ላለመቀማት ዕቃ አስቀምጡ፤ ሕፃን ግን አታስቀምጡ።

✅ ከገባችሁ በግራም በቀኝም መስኮት በደንብ ክፈቱ። አየር የሚገባበትም የሚወጣበትም ይፈልጋል።

✅ «ነፋስ» ሳንባ ምች አያመጣም። ሳንባ ምች የሚያመጡት ባክቴሪያና ቫይረስ ናቸው፤ የሚወዱት ደግሞ የተዘጋ ክፍል ነው። ሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ።

✅ የምትስሉ ከሆነ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፣ አፋችሁን ሸፍኑ። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አክታ ተመርመሩ፤ ሕክምናው ነጻ ነው።

✅ «ምች ይመታዋል» ብላችሁ ሕፃንን በሦስት ጨርቅ አትጠቅልሉ። አንገቱን ከኋላ ዳስሱት። ካላበው ወይም ከጋለ ተጠቅልሎበታል ማለት ነው፤ አንዱን አንሱለት።

ሾፌሮችና ረዳቶችም ይህን ካነበባችሁ፣ ቆማችሁ ስትጠሩ በሩን ከፍታችሁ፣ ከተቻለ ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ። ተሳፋሪ ሳይታመም ሲደርስ የሚመርቀው እናንተን ነው።

ለእህታችን ደግሞ፦ እናታችሁን ወደ አምቦ ሆስፒታል ወይም አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ግፊቷ ተቀምጣም ቆማም ይለካ፤ ስትቆም በጣም የሚወርድ ከሆነ የመድኃኒቱ መጠን ሊታይ ይገባል። የሽንት መድኃኒት ካለባት የኩላሊትና የጨው ምርመራ ይታዘዝላት። ስኳርም ትመርመር። ሙቀት በሌለበትም የሚያዞራት ከሆነ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ያስፈልጋታል። ከዚያ በሰላም የልጅ ልጇን ደግማ ትሳም።

የቆመ ነገር ሁሉ፣ አውሮፕላንም ይሁን ሚኒባስ፣ በራሱ አይተነፍስም። አየር የሚሰጠው ይፈልጋል። አንዱ ጋ ቱቦ ነው፣ ሌላው ጋ የእናንተ እጅ ነው።

ጽሑፉ ጠቃሚ ሆኖ ካገኛችሁት መንገድ ላይ ላለ ዘመድ አድርሱት። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ግን መልሳችንን አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

መልካም መንገድ፣ መልካም ጤና!